ከኢፍጧር እስከ ሱብሒ፤ ዙህራን የተከታተልንበት ረመዷን

 

ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ በኩል እንደ ፋኖስ ቦግ ብላ የምትታየውን ኮከብ የማያውቅ ማን አለ? በአገራችን አጥቢያ ኮከብ ትባላለች። ሰዓት በየሰው እጅ ባልነበረበት ዘመን ገበሬው በሬውን ለመጥመድ፣ ነጋዴው አህያውን ለመጫን፣ እናቶችም እሳት ለመጫር የሚነሱት እርሷን አይተው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች፣ ሌሎች ከዋክብት ሳይወጡ፣ በምዕራብ በኩል ብቻዋን የምታበራ ሌላ ኮከብ እናያለን። ለመሆኑ እነዚህ ሁለቱ ምንና ምን ናቸው? ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት አያትንና የልጅ ልጅን አከራክሯል። ክርክሩ እንዴት እንደተፈታና ከእርሱም ምን እንደተማርን እነሆ እናወጋችኋለን።

የመጀመሪያዋ ምሽት

ነገሩ የተጀመረው በ1446 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ነው። ዕለቱ ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም ሲሆን የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ነበር። ደሴ በሚገኘው ቤታችን አዛን ተሰምቶ በተምርና በውሃ ካፈጠርን፣ መግሪብንም ከሰገድን በኋላ የ12 ዓመቱ ልጄ ወደ ግቢ ወጥቶ ኖሮ እየሮጠ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ና ውጣና ተመልከት! ጨረቃዋ አጠገብ ትልቅ ኮከብ አለች!»

ሁላችንም ወጣን። ከጦሳ ተራራ በላይ እንደ ክር የቀጠነች ጨረቃ ተሰቅላለች። ከእርሷ በስተቀኝ ከፍ ብላ ደግሞ እጅግ የደመቀች ኮከብ ታበራለች። በአጥር በኩል የሚመለከቱ አንዲት ጎረቤታችን፣ «ጨረቃና ኮከብ በረመዷን መግቢያ ሲገናኙ ያለነገር አይደለም፤ የሆነ ምልክት አለው» አሉ። ልጄ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰበው። ኮከቧ በሳይንስ መጽሐፉ የተማራት ቬኑስ እንደሆነች ነገረን። አጥቢያ ኮከብ የምንላትም እርሷው ራሷ እንደሆነች ጨምሮ አስረዳ።

ይህን ጊዜ እናቴ ሳቅ አለች። «አጥቢያ ኮከብማ የምትወጣው ሊነጋ ሲል ነው። ይህች ሌላ ናት።»

«እማማ፣ መጽሐፋችን ሁለቱም አንድ ናቸው ይላል።»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን በዓይኔ ያየኋትን አንተ ከወረቀት ልትነግረኝ ነው?»

ልጄ አቀርቅሮ ዝም አለ። እኔ መጽሐፉ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እናቴን በወረቀት መርታት ደግ ሆኖ አልታየኝም። ልጄም ቢሆን ያመነው ስለተነገረው እንጂ ስላየው አልነበረም። በመሆኑም አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። «ኮከቧ የትም አትሄድም። በየቀኑ እንያትና የምታደርገውን እንጻፍ። ከዚያ በኋላ ማን ትክክል እንደሆነ ራሷ ትነግረናለች» አልኩ። እናቴም ተስማማች። ልጄ አንድ ደብተር አመጣና የመጀመሪያውን መስመር በዚያው ምሽት ጻፈ።

ጎረቤታችን ስላነሱት ምልክት ግን እዚሁ አንድ ነገር ማለት ይገባል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው ለእርሱ ሞት ነው ብለው ማውራት ጀመሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በሐዘን ላይ እያሉ እንኳ ይህን አባባል ዝም ብለው አላለፉትም። ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ለሕዝቡ ግልጽ አደረጉ። ጨረቃም በየወሩ ሰማይን ስትዞር በዚህች ኮከብ አጠገብ ታልፋለች። ይህ ተሰልቶ አስቀድሞ የሚታወቅ ጉዞ እንጂ የአገርን ወይም የሰውን ዕድል የሚናገር ነገር አይደለም።

ኮከብ ያልሆነች ኮከብ

ዐረቦች ይህችን ብርሃን ዙህራ ይሏታል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ቬኑስ ትባላለች። በእርግጥ ግን ኮከብ አይደለችም። ኮከብ የሚባለው እንደ ፀሐይ የራሱ ብርሃን ያለው ነው። ዙህራ ግን እንደ ምድራችን ፀሐይን የምትዞር ፕላኔት ስትሆን የምታበራውም የፀሐይን ብርሃን መልሳ በማንጸባረቅ ነው። ለፀሐይ ካላቸው ቅርበት አንጻር እርሷ ሁለተኛ፣ ምድራችን ሦስተኛ ናቸው። በግዝፈትም ይቀራረባሉ፤ የዙህራ የጎን ስፋት 12,104 ኪሎ ሜትር ሲሆን የምድር 12,742 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከሩቅ ሲያዩዋት የምታምር ብትሆንም ለሕይወት የምትመች አይደለችም። አየሯ ከሞላ ጎደል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ አየር ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝ ገጿ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይግላል፤ ይህም እርሳስን የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። የአየሯም ክብደት በምድር ላይ ካለው 90 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ዙሪያዋን የሸፈናት ወፍራም ነጭ ደመና የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታዎች ያሉበት ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ ይህን ያህል ደምቃ የምትታየን በዚሁ ደመና የተነሳ ነው፤ የሚያርፍባትን የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋልና።

ዙህራ ከምድር ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች በመሆኗ እኛ ስናያት ከፀሐይ ብዙ ልትርቅ አትችልም። እጅን ወደፊት ዘርግቶ ጡጫ ቢጨብጡ የጡጫው ስፋት በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ዙህራ ከፀሐይ የምትርቀው ቢበዛ 47 ዲግሪ፣ ማለትም አምስት ጡጫ እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ ወይ ፀሐይን ተከትላ በምሽት ትጠልቃለች፤ ወይም ፀሐይን ቀድማ በንጋት ትወጣለች። በእኩለ ሌሊት በአናታችን ላይ የምትታይ ደማቅ ብርሃን ካለች ሌላ ነገር እንጂ ዙህራ አይደለችም።

አንዴ በምሽት አንዴ በንጋት የሚያደርጋት ምንድን ነው? ሁለት ሯጮች በስታዲየም መም ላይ ሲሮጡ እናስብ። የውስጠኛውን መስመር የያዘው ፈጣን ነው፤ የውጭው ዝግ ይላል። ዙህራ ፀሐይን በ225 ቀን ገደማ ስትዞር ምድር 365 ቀን ይፈጅባታል። በመሆኑም ዙህራ ምድርን በየ584 ቀኑ፣ ማለትም በየ1 ዓመት ከ7 ወሩ ገደማ ደርባ ታልፋለች። ከኋላ እየደረሰችብን ሳለች በምሽት እናያታለን። በእኛና በፀሐይ መካከል በምታልፍበት ጊዜ ለጥቂት ቀናት በፀሐይ ጮራ ውስጥ ትጠፋለች። አልፋን ስትሄድ ደግሞ በንጋት ትወጣለች። ከዚያም ዞራ ከፀሐይ ጀርባ ትገባና ለሳምንታት ትሰወራለች፤ በመጨረሻም እንደገና በምሽት ብቅ ትላለች። በምሽትም ሆነ በንጋት የምትቆይበት ጊዜ በአማካይ ከ8 ወር በላይ ነው።

መልኳ ለምን ይለዋወጣል?

በረመዷን 6ኛ ቀን ምሽት አንድ ወዳጄ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) አዋሰን። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስክትጠልቅ ጠብቀን፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ልጄ ክርኑን በአጥሩ ላይ አስደግፎ ወደ ኮከቧ አነጣጠረ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ጮኸ። «ሱብሓነላህ! አባዬ፣ ሂላል ናት!»

እናቴም ተቀብላ አየች። «ጨረቃዋን ነው እንዴ የምታሳየኝ?» አለች። ጨረቃ ግን በዚያ ምሽት ግማሽ ሆና ከራሳችን በላይ ነበረች። በመነጽሩ ውስጥ የምትታየው ቀጭን ማጭድ ዙህራ ነበረች።

ይህ ለምን እንደሚሆን በቤታችሁ በቀላሉ ማየት ትችላላችሁ። ማታ ክፍሉን አጨልሙና መሐል ላይ አንድ አምፖል ወይም ሻማ ብቻ አብሩ። አንድ ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጥ፤ እርሱ ምድር ነው። ሌላው ብርቱካን በእጁ ይዞ መብራቱን ይዙር። ብርቱካኑ ከመብራቱ ባሻገር በሚሆንበት ጊዜ የተቀመጠው ልጅ የሚያየው ፊት በሙሉ የበራ ነው፤ ነገር ግን ስለራቀ ትንሽ ይመስላል። ወደ ጎን ሲመጣ ግማሹ በርቶ ግማሹ ይጨልማል። ወደ ልጁ እየቀረበ በመጣ ቁጥር ብርቱካኑ ይተልቃል፤ የበራው ክፍል ግን እየሳሳ ሄዶ ማጭድ ይሆናል። በመጨረሻ በልጁና በመብራቱ መካከል ሲገባ ጨለማ ፊቱ ብቻ ይቀራል።

ዙህራም እንዲሁ ናት። ከፀሐይ ማዶ ስትሆን ከእኛ 258 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በእኛ በኩል ስታልፍ ደግሞ 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች። በዚህም የተነሳ በቴሌስኮፕ የሚታየው ስፋቷ ስድስት እጥፍ ይለዋወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ጨረቃ በጣም የምትደምቀው ሙሉ ስትሆን ነው። ዙህራ ግን በጣም የምትደምቀው ከፊቷ ሩብ ያህሉ ብቻ በርቶ ማጭድ በሆነች ጊዜ ነው፤ የቀረበች በመሆኗ ያቺው ማጭድ ከሩቋ ሙሉ ፊት የበለጠ ብርሃን ትልክልናለች። በ2017 ዓ.ም ይህ የሆነው በየካቲት የመጀመሪያ አሥር ቀናት ገደማ ስለነበር የረመዷን መግቢያ ላይ ያየናት ከድምቀቷ ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ነበር።

ከእኛ በፊት የተከታተሏት

ዙህራን በደብተር መከታተል የእኛ ፈጠራ አይደለም። ከ3,500 ዓመታት በፊት ባቢሎናውያን መቼ እንደታየችና መቼ እንደጠፋች 21 ዓመት መዝግበዋል፤ መዝገቡም በሸክላ ጽላት ላይ ተገልብጦ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በመካከለኛው አሜሪካ የነበሩት የማያ ሕዝቦች 584 ቀን የሚፈጀውን ዙሯን ቆጥረው በመጽሐፍ አስፍረዋል።

በሙስሊሙ ዓለም ደግሞ የሰማይን ጉዞ መከታተል የሶላት ወቅትን፣ ቂብላንና የወራትን መግቢያ ከማወቅ ጋር የተያያዘ ስለነበር ትልቅ ሥፍራ ተሰጥቶት ቆይቷል። አል-በታኒ ከ877 እስከ 918 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም ከ40 ዓመት በላይ፣ በረቃ ከተማ ሆኖ ሰማይን ሲለካ ኖሯል። ኢብን ሲና ዙህራን በፀሐይ ፊት ላይ እንደ ነጥብ አይቻለሁ ማለቱ ተዘግቦለታል። በ1259 (እ.ኤ.አ.) ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ የመራጋን የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል አቋቋመ። ከእርሱ በኋላ የተነሳውና በ1375 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ኢብን አሽ-ሻጢር በደማስቆው የኡመያ መስጊድ ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ወቅት ጠባቂ ነበር። የፕላኔቶችን ጉዞ በአዲስ ስሌት ያዘጋጀ ታላቅ ሊቅ መሆኑን ስናስብ፣ ሥራው ለመስጊድ ወቅት መጠበቅ እንደነበረ ልንዘነጋው አይገባም።

እነዚህ ሁሉ ግን ቴሌስኮፕ አልነበራቸውም። የዙህራን ማጭድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌስኮፕ ተከታትሎ የመዘገበው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ነው። እርሱ በ1610 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ላይ በመጀመሪያ ትንሽ ክብ ሆና አያት። ሳምንታት ሲያልፉ ግማሽ ሆነች፤ ከዚያም ተልቃ ማጭድ ሆነች። በዚያን ዘመን ብዙዎች የሚያምኑት በጥንታዊው የበጥሊሞስ ትምህርት ሲሆን፣ በዚያ መሠረት ዙህራ ምንጊዜም በምድርና በፀሐይ መካከል ሆና ምድርን ትዞራለች። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ግን ከማጭድ በስተቀር ልትታይ ባልቻለች ነበር። ክብ ሆና መታየቷ ከፀሐይ ማዶ እንደምትሄድ፣ ማለትም ፀሐይን እንደምትዞር አሳየ። ይህ ብቻውን ምድርም ፀሐይን እንደምትዞር አያረጋግጥም፤ ለዚያ ሌላ ማስረጃ አስፈልጓል። ነገር ግን ለአንድ ሺህ ዓመታት በላይ ሲነገር የኖረውን ትምህርት አንድ ሰው ለጥቂት ወራት በትዕግሥት በመመልከቱ ብቻ ሊያርመው ችሏል።

ስትጠፋና ስትመለስ

ወደ ደብተራችን እንመለስ። ረመዷን 1 ቀን ኮከቧ ከመግሪብ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ነበር ከጦሳ ጀርባ የገባችው። በ8ኛው ቀን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አልዘለለችም። በ12ኛው ምሽት ልጄ የሾርባ ሳህኑን ይዞ እንደወጣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ አያትና ከተራራው ጀርባ ጠለቀች። በማግስቱ የለችም። በሦስተኛውም ቀን የለችም። «አሁንስ ምን እንጻፍ?» አለ። «የለችም ብለህ ጻፍ፤ እርሱም ምስክር ነው» አልኩት።

መጋቢት 14 ቀን፣ ረመዷን 23፣ ዙህራ በምድርና በፀሐይ መካከል አልፋለች። በእነዚያ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች እኛም ስለእርሷ ማሰብ ትተን ነበር። መጋቢት 21 ቀን ዒድ ሆነ። ልጄ በዒድ ደስታ ደብተሩን የት እንዳስቀመጠው እንኳ ረሳ።

እናቴ ግን አልረሳችም። ከዒድ በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ትጾም ስለነበር ለሱሑር ትነሳለች። ሸዋል 8 ቀን፣ ሱብሒን ሰግዳ ወደ ግቢ ስትወጣ ከምሥራቁ ጋራ በላይ አየቻት። መጥታም የልጅ ልጇን ቀሰቀሰችው። «ተነስ፣ አጥቢያ ኮከብ ወጥታለች። ያንን መነጽርህን አምጣ።»

ሦስታችንም ወጣን። በመነጽሩ ስናያት አሁንም ማጭድ ነበረች። ነገር ግን ፊቷ ተገልብጧል። በምሽቱ ወቅት የበራው ጎኗ ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይ ወደጠለቀችበት ዞሮ ነበር። አሁን ግን ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞሯል። ልጄ ደብተሩን ፈልጎ አምጥቶ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እናቴ ብዙ ጊዜ ወስዳ ተመለከተቻቸው።

እኔ ማስረዳት ልጀምር ስል እርሷ ቀደመችኝ። «እስቲ ቆይ፤ በዕድሜዬ አጥቢያ ኮከብና የምሽቷን በአንድ ሰሞን አብረው ሲወጡ አይቼ አላውቅም። አንዷ ስትኖር ሌላዋ የለችም። ይህን ሳየው ኖሬ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም» አለች። ከዚያም ወደ ልጄ ዞር ብላ፣ «ያቺው ናት» አለችው።

ልጄ አሸነፍኩ ብሎ አልፎከረም። መጽሐፉ ያልነገረውን ማስረጃ የሰጠችው አያቱ እንደሆነች ገብቶታልና።

የእናቴ ጥያቄ

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል የቤት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አላበቃም። በዚያው ጠዋት እናቴ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ይህች ኮከብ በየቀኑ የምትወጣው በአንድ ሰዓት አይደለም ማለት ነው?»

አይደለም አልኳት። እንደ አሁኑ ገና ከፀሐይ ሳትርቅ የምትወጣው ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት ነው። በግንቦት መጨረሻ ከፀሐይ በጣም ስትርቅ ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች። በሌላ ዓመት በዚሁ ወር በንጋት ጨርሶ ላትኖር ትችላለች። በእኛ አገር የፈጅር ወቅት የሚገባው ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ አስቀድሞ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «እኛ በልጅነታችን በገጠር ሰዓት የለን፣ ድምፅ ማጉያ የለን፤ አንዳንዴ ሱሑር የምናቆመው እርሷን አይተን ነበር። ስትወጣ ነጋ እንላለን። ታዲያ ያ ጾሜስ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ሥነ ፈለክ የኮከብን መውጫ ሊነግረኝ ይችላል፤ የእናቴን ጾም ግን በእርሱ ልመዝነው አልችልም። በዚያ ሳምንት ራሷ ወደ ሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሄዳ ጠየቀች። የሰጧትን መልስ እዚህ አልጽፈውም። ጉዳዩ የእርሷ ነው፤ ፈትዋ መስጠትም የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ተመሳሳይ ጥያቄ ያለው ሰው ዐዋቂዎችን ይጠይቅ። እኔ የማውቀው ስትመለስ ፊቷ በርቶ እንደነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የልጅ ልጇን አንድ ነገር አዘዘችው። «ኮከቧን አሳይተኸኛል። አሁን ደግሞ እውነተኛውን ንጋት አሳየኝ።» በተከታታይ ጠዋቶች ጋራው ዝቅ ወዳለበት ቦታ አብረው ወጡ። በመጀመሪያ አንዳንዴ እንደ ዓምድ ወደላይ የቆመ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ይህ ሐሰተኛው ፈጅር የሚባለው ነው፤ በእርሱ ምግብና መጠጥ አይከለከልም። ቀጥሎ በአድማሱ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ነጭ ብርሃን ይመጣል። እውነተኛው ፈጅር ይህ ነው። ኮከብ ትኑርም አትኑርም፣ ትደምቅም ትደብዝዝም ይህ ብርሃን ቀጠሮውን አያዛባም።

ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ዙህራ አልዋሸችንም፤ እኛ ነን ያልሆነችውን ያደረግናት። አንዱ የዕድል ምልክት ያደርጋታል፤ ሌላው ሰዓት ያደርጋታል። እርሷ ግን የተሰመረላትን መስመር ተከትላ የምትሄድ ፍጥረት ናት። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ኮከብ ሲጠልቅ ተመልክተው ለሕዝባቸው ያቀረቡት ማስረጃ የሁላችንም ትውስታ ነው። ከሙፈሲሮች መካከል ያቺ ኮከብ ዙህራ ነበረች ያሉ አሉ። ስትጠልቅ ጠብቆ ያያት ሰው ምን እንደሆነችና ምን እንዳልሆነች ያውቃል።

እናንተም ተከታተሉ

ይህን ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ቆማችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከአድማስ ስንት ጡጫ ከፍ እንዳለችና በየትኛው ዛፍ ወይም ሚናራ በላይ እንደታየች ጻፉ። ደመና ከከለከላችሁም «ደመና» ብላችሁ መዝግቡ። ክረምት በአብዛኛው አገራችን ክፍል አስቸጋሪ ነው፤ የእኛም ደብተር ከሰኔ እስከ ጳጉሜ «ደመና» የሚለው ቃል ሞልቶበታል።

ሌሎች ደማቅ ብርሃኖችም እንዳያሳስቷችሁ ተጠንቀቁ። ሙሽተሪ ወይም ጁፒተር የምትባለው ፕላኔት አንዳንዴ በንጋት ስለምትወጣ አጥቢያ ኮከብ ልትመስል ትችላለች። ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም ጎህ ላይ ሁለቱ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ጎን ለጎን ነበሩ፤ የበለጠ የደመቀችው ዙህራ ነበረች።

ባይኖኩላር የምታገኙ ከሆነ 7 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላው ማጭዷን ለማየት ይበቃል፤ ይህ ግን ወደ እኛ በቀረበችባቸው ሳምንታት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች አጥብቃችሁ ልታስጠነቅቁ ይገባል። ዙህራ ከፀሐይ ስለማትርቅ፣ በምሽት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ መነጽር ወደ ሰማይ አይነሳ። በንጋትም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት መነጽሩ ይውረድ። በመነጽር የታየች ፀሐይ በቅጽበት ዓይን ታጠፋለች።

ጊዜዋን ለማወቅ የሚረዱ ቀናት እነሆ። ዙህራ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም ከፀሐይ ጀርባ አልፋ የምሽቱን ዙር ጀመረች። የዚህ ዙር ከፀሐይ በጣም የምትርቅበት ቀን ነሐሴ 9 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በምድርና በፀሐይ መካከል የምታልፍበት ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2019 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የ2019 መስከረም የምሽቱ ማጭድ፣ ኅዳር ደግሞ የንጋቱ ማጭድ ወራት ናቸው፤ ክረምቱም ያኔ ወጥቷል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። የዙህራ አምስት ዙር ስምንት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ያህል ብቻ የሚቀረው ነው። ስለዚህ በ2017 ያየነው ምሽት በ2025 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2033) ከሞላ ጎደል እንዳለ ይደገማል። በሂጅራ አቆጣጠር ግን ወሩ ረመዷን ሳይሆን ዙልሒጃ ይሆናል። ልጄ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት ነው፤ ዕድሜና ጤና ይስጠውና። ይህን ሲሰማ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ቀኑን ጻፈበት። አያቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበርና፣ «ኢንሻአላህ በል፤ እርሱንም ጻፍ» አለችው። ጻፈው።

ወሏሁ አዕለም።